ጆን ካኒ፦ የዋካንዳው ሽማግሌ ንጉሥ ከየት መጣ?

ፒያሳ_ልጅ፦
ሰላም ለቤቱ። "ብላክ ፓንተር" ፊልም ላይ የቲቻላን አባት፣ ዋካንዳ የምትባለውን የምናብ ሀገር ንጉሥ ቲቻካን ሆኖ የሚጫወተውን ሽማግሌ የሚያውቅ አለ? ፊልሙ ላይ የሚታየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ግን አፉን ሲከፍት ቀልቤን ይወስደዋል። ድምፁም አቋሙም የሆነ ክብደት አለው። ስሙን ፈልጌ ጆን ካኒ መሆኑን አወቅሁ። በ2019 የወጣው "ላየን ኪንግ" ላይም ራፊኪ እሱ ነው። በአማርኛ ስለሱ የተጻፈ ነገር ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። እዚህ ቤት የቴአትር ሰው ሞልቷል፤ እስኪ የምታውቁትን ጣል ጣል አድርጉ።

የመድረክ_ሰው፦
ጥሩ ሰው አነሳህ ወንድሜ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እንዳንምታታ።

ካኒ ደቡብ አፍሪካዊ ነው፤ የፖርት ኤልዛቤት ልጅ። ያደገው ኒው ብራይተን በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ነው። ወጣት ሳለ የፎርድ መኪና ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። በ1965 "ሰርፐንት ፕሌየርስ" የሚባል የሰፈር ቴአትር ቡድን ገባ። ቡድኑ የሚለማመደው ከሥራ መልስ ነው። ደሞዝ የለ፣ ደህና አዳራሽ የለ። ፖሊስ ግን አይጠፋም። ከአባላቱ መሃል ታፍሰው ሮበን ደሴት እስር ቤት የወረዱ አሉ። አብሯቸው የሚሠራው ነጭ ጸሐፌ ተውኔት በ2025 ያረፈው አቶል ፉጋርድ ነው። ካኒ ከዊንስተን ንትሾና ጋር የገጠመውም በዚሁ ቡድን ውስጥ ነው። ይህን ስም ያዙት፤ ሳይነሳ አይቀርም።

በ1972 ሦስቱ ሆነው "ሲዝዌ ባንዚ ሞቷል" የሚለውን ቴአትር ሠሩ። ሲጀምሩ በእጃቸው ድርሰት የሚባል ነገር አልነበረም። መነሻቸው አንድ ፎቶ ነው። ክት ልብሱን የለበሰ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ባንድ እጁ ሲጋራ፣ በሌላው ፒፓ ይዞ ፈገግ ብሏል። ይህ ሰው ማነው? ምን አግኝቶ ነው ደስ ያለው? ፎቶውን ለማን ሊልከው ነው? ከዚያ እየተነሱ፣ እየተጫወቱ፣ ያማረውን እያስቀሩ፣ ያልጣመውን እየጣሉ ሙሉ ቴአትር አወጡ።

መክፈቻውን ካኒ ብቻውን ነው የሚሸከመው። ስታይልስ የሚባል ፎቶ አንሺ ሆኖ ጋዜጣ ይዞ ይወጣል። ያነባል፣ ያሽሟጥጣል፣ ከዜናው ተነስቶ ወደ ድሮ ሥራው ወደ ፎርድ ይሻገራል። ትልቁ ሚስተር ፎርድ ከአሜሪካ ሊጎበኝ ይመጣል ተብሎ ፋብሪካው ቀውጢ ሆኗል። ወለሉ ይታጠባል፣ መስመር ይሰመራል፣ ለሠራተኛው አዲስ ቱታ ይታደላል። ነጩ አለቃ "ንገራቸው" ይለዋል። ስታይልስ እያስተረጎመ የራሱን ቅመም ጣል ያደርግበታል፤ አለቃው አንድም አይገባው። በመጨረሻ ሰውዬው መጣ። ገባ፣ ትንሽ ተራመደ፣ ወጣ። በቃ። ሠራተኛው ግን ለጽዳቱ የባከነውን ሰዓት ለማካካስ ወገቡ እስኪቆረጥ ሲለፋ ዋለ።

ይህን የሚያወራው ፎርድ ፋብሪካ ቱታ ለብሶ የሠራ ሰው ነው እንግዲህ። ክብደት ያልከው ከዚህ ይጀምራል።

ዋካንዳዊ_ነኝ፦
እኔ ደግሞ ማርቭል ከጡረታ ቤት ያወጣው ሰው መስሎኝ!

አዜብ_መ፦
የመድረክ ሰው፣ በጀመርክበት ጨርሰው እንጂ። ሲዝዌ የሚባለው ማነው? ለምንስ ሞተ?

የመድረክ_ሰው፦
ሲዝዌ አልሞተም፤ ጨዋታው እዚያ ላይ ነው አዜብ።

በዚያን ጊዜ ጥቁር ደቡብ አፍሪካዊ የይለፍ ደብተር ሳይዝ ከቤቱ አይወጣም። የት እንደሚኖር፣ የት እንዲሠራ እንደተፈቀደለት፣ እስከ መቼ ከተማ ውስጥ መቆየት እንደሚችል ደብተሩ ላይ ማኅተም አለ። የሲዝዌ ማኅተም "ከተማውን ለቀህ ውጣ" ይላል። ሚስትና ልጆቹ ገጠር ናቸው፤ እዚያ ደግሞ ሥራ የለም። ቡንቱ የሚባል ወዳጁ ጋር አንድ ምሽት ሲጠጡ አምሽተው ወደ ቤት ሲመለሱ ጨለማ ውስጥ የሬሳ ነገር ያገኛሉ። ሟቹ ደብተር አለው፤ ደብተሩ ላይ የሥራ ፈቃድ አለ። ቡንቱ ፎቶዎቹን ይቀያይራል። እንግዲህ ሲዝዌ ባንዚ በወረቀት ሞተ ማለት ነው። ሰውዬው በሟቹ ስም ይኖራል።

ሲዝዌ ግን እሺ አይልም። ስሜን እንዴት እጥላለሁ? ሚስቴ የማን ሚስት ልትሆን ነው? ልጆቼስ? ይሄ ክርክር ነው የቴአትሩ አንጀት። ስታይልስንም ቡንቱንም የሚጫወተው ካኒ ነው፤ ሲዝዌን ንትሾና።

የሚያስቀውና የሚያናድደው ደግሞ ሁለቱም ራሳቸው የውሸት ወረቀት ይዘው መሥራታቸው ነው። ለጥቁር "ተዋናይ" የሚባል ሥራ መዝገብ ላይ የለም። ስለዚህ ደብተራቸው ላይ የፉጋርድ የቤት ሠራተኞች ተብለው ነው የተመዘገቡት።

የጄፒው_ልጅ፦
እኔ ጆሃንስበርግ ነኝ። ጄፒ መንገድ ላይ ሱቅ ያለን አበሾች ብዙ ነን። ማርኬት ቴአትር የሚባለው ቤት ያለው ኒውታውን ነው፤ ከኛ ሰፈር ሩቅ አይደለም። ድሮ የህንዶች የፍራፍሬ ገበያ ነበር። በ1976 ባርኒ ሳይመንና ማኒ ማኒም የሚባሉ ሰዎች ቴአትር ቤት አደረጉት። ካኒ ለብዙ ዓመት የሠራበትም በኋላም የመራው ቤት ነው። ትልቁ አዳራሽ ከ2014 ጀምሮ በሱ ስም ይጠራል። ሰውዬው በሕይወት እያለ ማለት ነው! እኛ ጋ እኮ ለአርቲስት ስሙን የምንሰጠው ከተቀበረ በኋላ ነው፤ እሱም ከታሰበ።

የመድረክ ሰው ያወራውን የሲዝዌን ታሪክ መጽሐፉን አግኝቼ አንብቤዋለሁ። አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጄፒ ውስጥ ያለ አበሻ ይህን ሲያነብ ሌላ ነገር ነው የሚሰማው። "ወረቀትህ መቼ ነው የሚያበቃው?" የሰላምታ ያህል የሚጠየቅበት ሰፈር ነው። ወረቀቱ ካልታደሰ ባንክ የለ፣ መንገድ ላይ ፖሊስ ባየህ ቁጥር ልብህ ድው ይላል። ከሀገር ስወጣ የማላውቀው ስም ይዤ የመጣሁበት ጊዜም ነበር፤ እሱን እንተወው። ሲዝዌ "ስሜን አልጥልም" ሲል መጽሐፉን አስቀምጬ ወጥቼ ሲጋራ ለኮስኩ።

አዜብ_መ፦
ወይ ወንድሜን። አይዞህ።

ፊልም_አፍቃሪ፦
ነገር ማካበድ ካልሆነ በቀር ዞሮ ዞሮ የፉጋርድ ሥራ ነው። በዓለም የሚታወቀው በፉጋርድ ስም ነው። ተዋናይ የተሰጠውን ይጫወታል፤ ደራሲው ደራሲ ነው። ካኒ ዕድለኛ ነው፣ ጥሩ ደራሲ አገኘ። ሌላው የናንተ ስሜት ነው።

የመድረክ_ሰው፦
ፊልም አፍቃሪ፣ በ1974 ሲታተም እኮ የሦስቱም ስም ነው የሰፈረው። ፉጋርድም ብቻዬን ጻፍኩት አላለም። መልክ ያስያዘው፣ ያሳጠረው፣ ያቀናው እሱ ነው፤ ያንን ማንም አይክድም። የፋብሪካው ጉድ፣ የሰፈሩ ቀልድ፣ የደብተሩ ጣጣ ግን ከሁለቱ ሕይወት የተቀዳ ነው። ነጭ ፉጋርድ ያን ደብተር ኪሱ ይዞ አያውቅም። አሜሪካኖቹም ገብቷቸዋል። ቴአትሩ ብሮድዌይ ሲታይ የ1975ቱን የቶኒ የምርጥ ተዋናይ ሽልማት ካኒና ንትሾና አንድ ላይ ወሰዱት። ላንዱ ብቻ መስጠት አልቻሉም። ሁለቱን ነጥሎ ማየት ይከብዳል።

ለንደን_ቡና፦
እኔ ለንደን ናሽናል ቴአትር በ2007 አይቻቸዋለሁ! ያኔ ሁለቱም ስልሳን አልፈዋል። የወሰደችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ ጭራሽ ምን እንደማይ አላውቅም ነበር። አንድ ሰውዬ ጋዜጣ ይዞ ወጣና ያወራል። መጀመሪያ ቴአትሩ የተጀመረ አልመሰለኝም። ከዚያ በረሮዎቹ ጋ ደረሰ። ስታይልስ ፎቶ ቤት ሊከፍት የተከራየው ክፍል በረሮ የወረረው ነው። መድኃኒት ገዝቶ ጦርነት ይገጥማል። መድረኩ ላይ እኮ አንድም በረሮ የለም! እሱ ግን ይረጫል፣ ይዘላል፣ ያፈገፍጋል፣ በረሮዎቹ ሲመካከሩ ያሳይሃል። እኔ እግሬን ከወለል አንስቼ ነበር፣ ቃሌ ነው።

ንትሾና ደግሞ ተቃራኒው ነው። ብዙ አይናገርም፤ ኮፍያውን ይዞ ግራ ገብቶት ይቆማል። ካኒ ሲሮጥ እሱ ይቆማል። እኔ ከሁለቱ ማን በለጠብሽ ብባል ንትሾናን ነው የምለው።

የመድረክ_ሰው፦
ለንደን ቡና፣ ታድለሻል። ቅናት ገደለኝ።

"ደሴቱ"ን ብታዩትማ! ከሲዝዌ በኋላ በ1973 የሠሩት ነው። ሮበን ደሴት ላይ አንድ ክፍል ውስጥ የታሰሩ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ስማቸውም ጆንና ዊንስተን ነው። ሲጀመር ረጅም ሰዓት ቃል አይወጣም። አንዱ አሸዋ ዝቆ ጋሪ ይሞላል፣ ገፍቶ ወስዶ ሌላው ጋ ይደፋል። ሌላውም እንዲሁ ሞልቶ መልሶ እሱ ጋ ይደፋል። አሸዋው ለዘላለም አያልቅም። መድረኩ ላይ አሸዋም ጋሪም የለም፤ ሁሉም በሰውነታቸው ነው። ተመልካቹ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው። ይህን ሳይሰለቹ በየምሽቱ የሚሠሩት ሰዎች ናቸው።

ከዚያ ለእስረኞች ዝግጅት የጥንቱን የግሪክ ቴአትር "አንቲጎኔ"ን ይለማመዳሉ። ዊንስተን ሴቷን ሊጫወት ነው፤ ከገመድ የተሠራ ፀጉር አድርጎ ሲመጣ ጆን በሳቅ ይሞታል። ሳቁ የሚቆመው የጆን ፍርድ ተቀንሶ ሦስት ወር ብቻ እንደቀረው ሲነገረው ነው። ዊንስተን ዕድሜ ልክ ነው። አንዱ ቀን ሲቆጥር ሌላው ምን ይሁን?

ነገሩ ከእውነት የተነሳ ነው። ሮበን ደሴት ላይ እስረኞች "አንቲጎኔ"ን ተጫውተዋል፤ ማንዴላም ንጉሡን ክሪዮንን ሆኖ ተጫውቷል። በዚያን ጊዜ የእስር ቤቱን ነገር በአደባባይ ማንሳት ወንጀል ስለነበር መጀመሪያ ላይ ቴአትሩ በሌላ ስም ነው የታየው።

አዜብ_መ፦
እንዲህ እየሠሩ እንዴት ሳይታሰሩ ቀሩ?

የመድረክ_ሰው፦
መች ቀሩ! በ1976 ጥቅምት ላይ ትራንስካይ ውስጥ ሲዝዌን ካሳዩ በኋላ ሁለቱም ታሰሩ። ትራንስካይ መንግሥቱ "ነፃ ሀገር" ብሎ ሊያውጀው ሽር ጉድ የሚልበት የጥቁሮች ክልል ነበር። ሲዝዌ ደግሞ በዚህ ጉድ ላይ ይስቃል። ውጭ ሀገር ያሉ ተዋናዮች ሰልፍ ወጡ፣ ጩኸት በዛ፣ ተለቀቁ። ሌላ ጊዜ ፖሊስ ደብድቦት ካኒ አንድ ዓይኑን አጥቷል።

1985 ደግሞ ከባዱ ዓመት ነው። በስዊድናዊው ደራሲ በስትሪንድበርግ ቴአትር፣ በ"ሚስ ጁሊ"፣ ጥቁር አሽከር ሆኖ ሳንድራ ፕሪንስሎ ከምትባል ነጭ ተዋናይት ጋር ተጫወተ። መድረክ ላይ ይሳሳማሉ። ተመልካቹ ወንበሩን እየገፋ ጥሎ ወጣ። የግድያ ዛቻ መጣ። በዚያው ዓመት ታናሽ ወንድሙን ፖሊስ ገደለበት። ወንድምዬው ገጣሚ ነበር፤ የአንዲት ሕፃን ቀብር ላይ ግጥም ሲያነብ ነው የተተኮሰበት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ማርኬት ቴአትር ላይ በጃኔት ሱዝማን አዘጋጅነት ኦቴሎን ተጫወተ። ጥቁር ሰው፣ ነጭ ሚስት፣ ያውም በአፓርታይድ ሀገር። "እንግሊዝኛው ሼክስፒርን አይመጥንም" ያሉ ተቺዎች ነበሩ። ኦቴሎ ራሱ ባዕድ ሰው ነው እኮ! አነጋገሩ ከሌላው ቢለይ ምን ይገርማል?

ጋሽ_ትዝታ፦
ልጆች፣ ጥሩ ጨዋታ ነው የያዛችሁት። አንድ ነገር ልጨምር። ካኒ ሼክስፒርን መጀመሪያ ያገኘው በትምህርት ቤት፣ በኮሳ ቋንቋ ተተርጉሞ ነው፤ "ጁሊየስ ሴዛር"ን። እኛም ዘንድ ሎሬት ጸጋዬ ገብረመድህን "ሐምሌት"ንና "ኦቴሎ"ን በአማርኛ ስላመጣልን ነው በኔ ዕድሜ ያለ ሰው ብሔራዊ ቴአትር ተሰልፎ የገባው። እንግሊዝኛ የማይችል ጎረቤቴ ስለ ዴዝዴሞና ሲያለቅስ አይቻለሁ። ሼክስፒር በእናት ቋንቋ የገባው ሰው ለፈረንጅ አነጋገር አይሸማቀቅም።

የመድረክ_ሰው፦
ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት በኋላ ራሱ በጻፈው ቴአትር ውስጥ ገብቷል። በ2019 "ኩኔኔና ንጉሡ" የሚል ጽፎ ከአንቶኒ ሼር ጋር ስትራትፎርድ ላይ ተጫወተ። ሼር የሚጫወተው "ንጉሥ ሊር"ን ሊሠራ የሚያጠና፣ የጉበት ካንሰር የያዘው ነጭ ተዋናይ ነው። ካኒ ደግሞ አስታማሚ ሆኖ ቤቱ ይገባል። ሽማግሌዎቹ በሼክስፒር ይነታረካሉ፤ የሚነታረኩት ግን ስለ ሀገራቸው ነው። ሼር በ2021 መጨረሻ ላይ ሞተ።

ፊልም_አፍቃሪ፦
እሺ፣ የመድረኩን ተቀበልኩ። ቴሌቪዥን ላይስ? ፊልም ላይስ? እዚያ ላይ እኮ ብዙም አላየሁትም።

የመድረክ_ሰው፦
ደቡብ አፍሪካ ቴሌቪዥን በመላው ሀገሪቱ የጀመረው ጥር 1976 ላይ ነው፤ መንግሥቱ እስከዚያ ድረስ ፈርቶ አግዶት ነበር። ለካኒ ዓይነቱ ሰው የሚከፈት በርም አልነበረም። "ኦቴሎ" ግን ተቀርጾ እንግሊዝ ሀገር በቻናል 4 ታይቷል። እሱን ፈልገህ እይ። ፊልም ላይ "ሳራፊና" (1992) ውስጥ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር እሱ ነው። "ዘ ጎስት ኤንድ ዘ ዳርክነስ" (1996) ላይም አለ፤ የጻቮ አንበሶቹ ፊልም።

ዋካንዳዊ_ነኝ፦
"ዘ ዋይልድ ጊዝ"ን ዘለልከው እኮ! ሪቻርድ በርተንና ሮጀር ሙር ያሉበት የቅጥረኛ ወታደሮች ፊልም። አባቴ በቪዲዮ ካሴት ነው ያሳየኝ። ካኒም ንትሾናም አሉበት።

ፊልም_አፍቃሪ፦
ይኸውላችሁ! ያ በ1978 የወጣ ፊልም አፓርታይድ ሀገር ውስጥ የተቀረጸ ነው። ለንደን ላይ ሰልፍ ተወጥቶበታል። ነጭ ቅጥረኛ አፍሪካ ገብቶ ጀግና የሚሆንበት ፊልም። ጀግናችሁ እዚያ ምን ይሠራል?

ለንደን_ቡና፦
ፊልም አፍቃሪ፣ ይሄ እንኳ ያስኬዳል። እኔም ሳየው አልወደድኩትም። ግን አንተ በደብተርህ "የቤት ሠራተኛ" ተብለህ ተመዝግበህ፣ ከውጭ የፊልም ሥራ ሲመጣ እምቢ ትል ነበር?

ፊልም_አፍቃሪ፦
እኔ እምቢ ላልል እችላለሁ፤ እኔ ግን የነፃነት ታጋይ ነኝ አላልኩም።

የመድረክ_ሰው፦
ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለመከላከል አልሞክርም። ፊልሙን እኔም አልወደውም። ብቻ የዚያ ፊልም አንዱ ጉድ ንትሾና ነው። የታሰረውን አፍሪካዊ መሪ ሊምባኒን ይጫወታል። ታሞ ጀርባ ላይ ታዝሎ የሚሄድ ሰው ነው፤ ያንን ሁሉ ተኩስ ትተህ እሱን ታያለህ። በ1989 "ኤ ድራይ ዋይት ሲዝን" ላይም አትክልተኛው ጎርደን እሱ ነው። ልጁን ሊፈልግ ብሎ ራሱ የሚጠፋው። ትንሽ ሚና ናት፤ ፊልሙን ግን የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት።

ፒያሳ_ልጅ፦
ንትሾና አሁን የት ነው?

የመድረክ_ሰው፦
በነሐሴ 2018 ሞተ። "ብላክ ፓንተር" የወጣው በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ነው። ዓለም ካኒን ቲቻካ ብሎ ሲያጨበጭብ አብሮት ቶኒ የወሰደው ሰው በዝምታ ሄደ። እኔን ሁሌ የሚከነክነኝ ይሄ ነው። ካኒ ጻፈ፣ አስተዳደረ፣ ቴአትር ቤት መራ፣ መድረክ ሲሰጡት ተናገረ። ንትሾና የሚናገረው መድረክ ላይ ብቻ ነበር።

የጄፒው_ልጅ፦
እዚህ ሀገር የቴአትር ሰው የሆነ ሁሉ ሁለቱን አንድ ላይ ነው የሚጠራው። አዲሱ ትውልድ ግን ካኒን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ፒያሳ_ልጅ፦
የዋካንዳ ሰዎች የሚናገሩት ቋንቋ የካኒ ነው የሚባለው እውነት ነው?

የመድረክ_ሰው፦
አዎ፣ ኮሳ ነው። በ2016 የወጣው የማርቭል ፊልም "ሲቪል ዋር" ሲቀረጽ አባትና ልጅ ሲያወሩ ለምን በእንግሊዝኛ ይሁን ብሎ በራሱ ቋንቋ ሐሳብ አቀረበ። ዳይሬክተሮቹ ወደዱት። ልጁን ቲቻላን የሚጫወተው ቻድዊክ ቦዝማን ተማረው። በኋላ የመላው ዋካንዳ ቋንቋ ሆኖ ቀረ። "ብላክ ፓንተር" ላይ ወጣቱን ቲቻካ የሚጫወተው ደግሞ ልጁ አታንድዋ ካኒ ነው። መመሳሰላቸው አይገርምም!

አዜብ_መ፦
ራሱ ከጻፋቸው ውስጥ የትኛው ይሻላል? ለማንበብ።

የመድረክ_ሰው፦
"ከእውነት በቀር" ብዬ ልተርጉመው፤ በ2002 የወጣው። አፓርታይድ ካለቀ በኋላ ነው። ሲፖ የሚባል የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አለ። ሥራውን አክብሮ ያረጀ፣ ለዋና ኃላፊነት ሲጠብቅ የኖረ ሰው። ወንድሙ ስደት ለንደን ሞቶ አስከሬኑ ይመጣል ብሎ ይጠብቃል። ዘመድ ተጠርቷል፣ ቀብር ተዘጋጅቷል። የመጣው ግን ዕቃ ውስጥ ያለ ዐመድ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ሬሳ ሳይኖር ምን ይቀበራል? ለቀስተኛው ምን ይባላል?

ሁሉም ሰው ወንድምህ ጀግና ነበር ይለዋል። ሲፖ ግን በወንድሙ ላይ የቆየ ቂም አለው፤ የትግል ሳይሆን የቤት ውስጥ ቂም። ካኒ የተገደለውን የራሱን ወንድም እያሰበ ነው የጻፈው፤ ግን ሟቹን መልአክ አላደረገውም። ለዚያ ነው የምወደው። በ2008 ራሱ ፊልም አድርጎታል፤ አዘጋጁም መሪ ተዋናዩም እሱ ነው።

ለንደን_ቡና፦
ቂሙ ምን እንደሆነ እንዳትነግረን! ላየው ነው።

የመድረክ_ሰው፦
አልናገርም።

ፊልም_አፍቃሪ፦
እሺ የመድረክ ሰው፣ ነገሩን ከፍተኸዋል። ከየትኛው ልጀምር? "ኦቴሎ"ን ወይስ ይሄን የ2008ቱን?

የመድረክ_ሰው፦
ላንተ "ኦቴሎ"። ያንተ ዓይነት ተከራካሪ መጀመሪያ ኢያጎን፣ ያንን ነገር ሠሪ፣ ማየት አለበት።

ፊልም_አፍቃሪ፦
ይሄ ስድብ ነው ሙገሳ?

ጋሽ_ትዝታ፦
ስድብ ነው ልጄ። እይና ተመልሰህ መልስለት።